ክር የታሰረባት ቲማቲም

በ2016 ዓ.ም. የካቲት ላይ የእናቴ የረጅም ዘመን ወዳጅ ከፒያሳ፣ ከዶሮ ማነቂያ ቤታቸውን ሲለቁ ዕቃ ላግዛቸው ሄድኩ። ቁም ሳጥኑና ምጣዱ መኪና ላይ ወጥቶ ግቢው ባዶውን ሲቀር፣ እማማ ወደ ማጀት ተመልሰው አንዲት የታጠፈች ወረቀት ይዘው ወጡ። ውስጧ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ የቲማቲም ዘር ነበር። ከቆርቆሮው አጥር ሥር በዘይት ጀሪካን ሲያበቅሏት የኖሩት፣ ከእንቁላል የምታንስ፣ ትከሻዋ አረንጓዴ የሆነች፣ እኛ ልጆቹ ተደብቀን የምንቀጥፋት ቲማቲም ዘር ነው። «እኔ የምሄድበት ፎቅ ፀሐይ ይኑረው አይኑረው አላውቅም፤ አንቺ ጋ ትቆየኝ» አሉኝ።

እንዴት እንደሚያጥቡትና እንደሚያደርቁት ጠየቅኳቸው። «ማጠቡን ማንም ያጥበዋል ልጄ፤ ክሩን እንዳትረሺ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ክሩን አስታውሰዋለሁ። በየዓመቱ ከተክሎቹ አንዷ ላይ ቀይ ክር ይታሰር ነበር። ከሷ መቅጠፍ ለማንም አይፈቀድም፤ ድንገት እንግዳ መጥቶ ሰላጣ ሲሠራ እንኳ ክር የታሰረባት አትነካም። ዛሬ ስለ ቲማቲም ዘር የሚጠይቁኝ ሰዎች ሁሉ የሚጠይቁኝ ስለ ማጠብና ስለ ማድረቅ ነው። እሱ የጥቂት ቀን ሥራ ነው፤ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ። ዘር ማቆየት የሚባለው ግን ዋናው ነገሩ ያለው ከዚያ በፊት ነው፤ ከየትኛዋ ቲማቲም፣ ከየትኛዋ ተክል እንውሰድ የሚለው ላይ።

የገበያዋን ብንዘራትስ?

ከእማማ ወረቀት በፊት እኔ ራሴ ሞክሬ ነበር። ከገበያ የገዛኋትን፣ ሞላላና ጠንካራ፣ ሳምንት ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ የማትበላሽ ቲማቲም ከፍዬ ዘሯን አውጥቼ ዘራሁ። ስድስት ተክል ደረሰልኝ። አንዱ እንደ እናቱ ሞላላ አፈራ፤ ሁለቱ ክብ ሆኑ፤ አንዱ አበባ ብቻ አሳይቶ ቀረ፤ የቀሩት ሁለቱ በተቀጠፉ በማግስቱ የሚለሰልሱ ፍሬዎች ሰጡኝ። አፈሩን ቀየርኩ፣ ፍግ ጨመርኩ፤ ለውጥ የለም። ጥፋቱ የአፈሩ አልነበረም። የገዛኋት ቲማቲም የዲቃላ ዘር ውጤት ነበረች።

ከመቂ፣ ከባቱና ከቆቃ ወደ አዲስ አበባ ከሚገባው ቲማቲም ብዙው ዛሬ ከዲቃላ ዘር የሚመረት ነው። ገበሬው ጋሊላ፣ ሻንቲ እያለ የሚጠራቸው ከዚህ ወገን ናቸው። ዲቃላ ዘር የሚገኘው እንዲህ ነው፦ ለየብቻ ተጣርተው የቆዩ ሁለት መስመሮች ይወሰዱና የአንዱ የአበባ ብናኝ በሰው እጅ ከሌላው አበባ ላይ ይደረጋል። ከዚያ አበባ የሚወጣው ዘር የመጀመሪያው ትውልድ ነው። ሁሉም ግማሹን ከአንድ አባት፣ ግማሹን ከአንድ እናት ስለወሰዱ አንዱ ተክል ከሌላው አይለይም፤ ማሳው በሙሉ በአንድ ቁመት ያድጋል፣ በአንድ ሳምንት ይደርሳል። ነጋዴውም ገበሬውም የሚፈልገው ይህንን ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ትውልድ ፍሬ ዘር ሲወሰድ ነው። «ዘር ከልጓም ይስባል» ይባል የለ? ቲማቲም ላይ ይህ አባባል በሒሳብ ይታያል። ቀይ ቲማቲም ከቢጫ ጋር ብናዳቅል የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉም ቀይ ይሆናል። ቀዩ ቢጫውን ይጫነዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ቢጫው ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። ከዚያ ቀይ ልጅ ዘር ወስደን ብንዘራ ከአራቱ አንዱ ገደማ አያቱን ስቦ ቢጫ ይወጣል። ግሪጎር ሜንዴል አተር እያዳቀለ የደረሰበትና እ.ኤ.አ. በ1866 ያሳተመው ነገር ይኸው ነው።

ቀለም ግን አንድ ጠባይ ብቻ ነው። ቅርጽ አለ፣ የቆዳ ጥንካሬ አለ፣ ጣፋጭነት አለ፣ በሽታ መቋቋም አለ፣ ቶሎ መድረስ አለ። ሁለቱ ወላጆች የሚለያዩት ለየብቻ በሚተላለፉ አሥር ጠባዮች ቢሆን፣ በልጅ ልጆቹ መካከል በአሥሩም ውስጡ ልክ እንደ ዲቃላዋ የሚሆነው ከ1,024 አንዱ ብቻ ነው። እኔ ስድስት ተክል ዘርቼ የገበያዋን ቲማቲም መጠበቄ ለዚህ ነው ከንቱ የነበረው።

ዲቃላ ዘርን እንደ መርዝ የሚያወሩ ሰዎች አሉ፤ አልስማማም። መሬት ተከራይቶ፣ በፓምፕ ውኃ ስቦ፣ ማሳው በበሽታ ከተመታ ዓመቱን የሚያጣ ገበሬ የሚቋቋም ዝርያ መግዛቱ ልክ ነው። ቱታ አብሶሉታ የምትባለው ቅጠልና ፍሬ የምትቦረቡር የእሳት ራት እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያ ከገባች ወዲህማ ቲማቲም ማምረት ከድሮው ይበልጥ ከብዷል። ከዲቃላ ጋር መኖር የሚቻለው ግን በየዓመቱ ዘር በመግዛት ነው። ዘር ለማቆየት የሚፈልግ ሰው የዘር ቆርቆሮው ወይም እሽጉ ላይ የኤፍ ፊደልና የ1 ቁጥር ጎን ለጎን መኖራቸውን ይይ፤ ካሉ የመጀመሪያው ትውልድ ዲቃላ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ተስፋ የሚሰጥ አንድ ነገር ልጨምር። ቲማቲም ራሱን በራሱ ሲያራባ በየትውልዱ ያልረጋው ነገር በግማሽ ይቀንሳል። ከዲቃላ ዘር የወጣች አንዲት ጥሩ ተክል ካጋጠመቻችሁና በየትውልዱ እሷን የሚመስለውን ብቻ እየመረጣችሁ ብትቀጥሉ፣ በስድስተኛው በሰባተኛው ትውልድ የራሳችሁ የሆነ የረጋ ዝርያ ይኖራችኋል። ዓመታት ይፈጃል፤ ግን ለቲማቲም ፍቅር ያለው ሰው ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው።

ነባር ዘር የሚባለው

ነባር ዘር ማለት ከትውልድ ትውልድ ተመርጦ የረጋ፣ ሲዘራ እናቱን የሚመልስ ዘር ነው። ከተለያየ አገር የሚሰማው ታሪክ ሁሉ ከእማማ ወረቀት ጋር ይመሳሰልብኛል። አሜሪካ ውስጥ ነባር ዘር የሚለዋወጡ ሰዎችን የሚያገናኘው ሲድ ሴቨርስ ኤክስቼንጅ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲመሠረት መነሻው ዳያን ኦት ዊሊ ከአያቷ የወረሰችው የአበባና የቲማቲም ዘር ነበር፤ የአያቷ ወላጆች ከጀርመን ሲሰደዱ ይዘውት የመጡት ነው። ቼሮኪ ፐርፕል የምትባለው ጠቆር ያለች ወይን ጠጅ ቲማቲም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 አንድ የቴነሲ ሰው ለዘር ሰብሳቢው ክሬግ ሌሁሊየር በፖስታ የላከለት ጥቂት ዘር ናት። ዛሬ ዓለም ሁሉ ይዘራታል። ያ ፖስታ ቢጠፋ ኖሮ ምናልባት ባላወቅናት ነበር።

ለእኛ አገር ቲማቲም እንግዳ ነው። የትውልድ አገሩ የደቡብ አሜሪካ ምዕራባዊ ተራሮች ሲሆን ያላመዱት የሜክሲኮ ነባር ሕዝቦች ናቸው። ቶማትል ከሚለው የእነሱ ቃል ተነሥቶ በስፔንና በዐረብኛ በኩል አልፎ ነው ቲማቲም ሆኖ እኛ ጋ የደረሰው። እንደ ጤፍና እንደ እንሰት የሺህ ዓመታት ታሪክ ስለሌለው «ነባር የኢትዮጵያ ቲማቲም» ብሎ መናገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቢሆንም በየጓሮው ለሁለትና ለሦስት ትውልድ እየተመረጠ የኖረ ዘር የዚያ ጓሮ ልጅ ሆኗል፤ ከአዲስ አበባ ብርድ ጋር የተላመደውን እያስቀረ፣ ያልተላመደውን እየጣለ ነው የመጣው።

እንዲህ ያለ ዘር የሚሰጥ ዘመድ የሌለው ሰውም መነሻ አያጣም። ሮማ ቪኤፍና ማርግሎብ በአገራችን የዘር ሱቆች ለብዙ ዓመታት የተሸጡ፣ ዲቃላ ያልሆኑ ዝርያዎች ናቸው። ማርግሎብ እ.ኤ.አ. በ1925 ከአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የወጣ የመቶ ዓመት ዕድሜ ባለጸጋ ነው። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው መልካ ሾላና መልካ ሳልሳም ዘራቸው ተቆይቶ ሲዘራ እናታቸውን ይመልሳሉ። ከውጭ አገር ዘመድ በሻንጣ ይዞልኝ ይምጣ ለሚል ግን ምክሬ ሌላ ነው። ዘር ያለ ጤና ምስክር ወረቀትና ያለ ፈቃድ መግባት የለበትም፤ ሕግ ስለሆነ ብቻም አይደለም። የቲማቲም ፍሬን የሚያጎሳቁለውና እ.ኤ.አ. በ2015 ዮርዳኖስ ውስጥ የታወቀው ቫይረስ በጥቂት ዓመታት ዓለምን ያዳረሰው በዘርና በችግኝ ነው። በአንድ ወረቀት ዘር የሚገባ በሽታ የመቂን ገበሬ ማሳ ሊጨርስ ይችላል።

ስለ አረንጓዴው ትከሻ ልናገር፤ የእማማ ቲማቲም ላይ ሁልጊዜ ይገርመኝ ስለነበር። ግንዱ የተያያዘበት አካባቢ ሌላው ሲቀላ እንኳ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ገዢዎች «አልበሰለም» ብለው ስለሚተዉት፣ አዳቃዮች ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ እኩል የሚቀላውን እየመረጡ ትከሻ አረንጓዴውን ከገበያ አስወጡት። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ምክንያቱን ሲያገኙት፣ ያ አረንጓዴ ፍሬው ራሱ በፀሐይ ስኳር የሚሠራበት ክፍል ሆኖ ተገኘ፤ እኩል እንዲቀላ ያደረገው የዘር ለውጥ ይህን ሥራ ስላዳከመው የፍሬው ስኳር ቀንሷል። የቲማቲም ጣዕም በብዙ ነገር የሚወሰን ቢሆንም፣ ልጅ ሆነን እየተደበቅን የቀጠፍናት ቲማቲም ለምን እንደዚያ እንደጣፈጠች ቢያንስ አንዱን ምክንያት አገኘሁ።

አበባዋና ክሩ

ቲማቲም ለዘር ማቆየት ቸር ተክል ነው። በአንዷ አበባ ውስጥ ወንዴውም ሴቴውም አለ፤ የወንዴው ክፍሎች ተጣብቀው እንደ ቢጫ ሾጣጣ ቆብ ሴቴዋን ይሸፍኗታል። ብናኙ እዚያው ውስጥ ስለሚወድቅ አብዛኛውን ጊዜ ከጎረቤት ተክል ጋር አይቀላቀልም። በቆሎን ያየ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል፤ በቆሎ በነፋስ ከሩቅ ማሳ ይዳቀላል፣ ከአንድ ሁለት ተክል ብቻ ዘሩ ቢወሰድ ደግሞ ይመነምናል። ቲማቲም ከአንዲት ተክል እንኳ ዘሩ ተወስዶ ሳይደክም ይቀጥላል። እኔ ግን ቦታ ካለ አምስት ስድስት ተክል ይኑር እላለሁ፤ ለመምረጥ የሚወዳደር ያስፈልጋል።

ቀላሏ ብናኝ እንድትወድቅ አበባዋ መንቀጥቀጥ አለባት። ሜዳ ላይ ነፋሱና እየጮኹ አበባ የሚያንቀጠቅጡ የዱር ንቦች ይህን ያደርጋሉ፤ የማር ንብ ይህን አትችልበትም። በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ለሚያሳድግ ሰው ረፋድ ላይ ግንዱን በጣት ቀስ አድርጎ መምታት ይበቃል።

ሁለት ዓይነት ቲማቲም አጠገብ ለአጠገብ ከተተከለ ግን መጠንቀቅ ይሻላል፤ በተለይ እንደ ድንች ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው፣ ትልልቅ ድርብ አበባ የሚያወጡና በጣም ደቃቅ ፍሬ ያላቸው ዓይነቶች የሴቴዋ ጫፍ ከቆቡ ወጣ ሊልባቸው ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ከአሮጌ ስስ መጋረጃ የተሰፋች ትንሽ ከረጢት ናት። ዕንቡጦቹ ሳይፈነዱ ዘለላውን ከረጢቷ ውስጥ ታስገቡና አንገቷን ታስራላችሁ። ፍሬው ጠጠር ሲያህል ከረጢቷ ትወጣለች፤ በምትኩ በዘለላው ላይ ክር ይታሰራል። አንድ ዓይነት ብቻ ለሚተክል ይህ ሁሉ አያስፈልግም።

አሁን ወደ እማማ ክር ልመለስ። እሳቸው ክር የሚያስሩት ተክሏ ላይ እንጂ ፍሬዋ ላይ አልነበረም፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሰው ሁሉ የሚሠራው ስህተት ከቅርጫቱ ውስጥ ትልቋን ፍሬ መርጦ ዘሯን ማውጣት ነው። በአንድ ተክል ላይ ያሉ ፍሬዎች ሁሉ ግን የሚሸከሙት ያንኑ የእናታቸውን ዘር ነው። ትልቋ ፍሬ የተገኘችው አንድ ፍሬ ብቻ አፍርታ በሽታ ከጣላት ተክል ከሆነ፣ የሚዘራው የዚያች ደካማ ተክል ዘር ነው። መካከለኛ ፍሬ ይዛ በብርዱ ሌሊት ሳትደክም ቀድማ የደረሰችው፣ ቅጠሏ እስከ መጨረሻው አረንጓዴ የቆየው፣ ብዙ የያዘችው፣ ስትቀመስ የጣፈጠችው ተክል ናት ክር የሚገባት። ይህ ደግሞ ወቅቱን ሙሉ መመልከት ይጠይቃል፤ በመጨረሻ ቀን ቅርጫት ላይ ጎንበስ ብሎ የሚወሰን አይደለም።

እናቶቻችን ይህን ለሁሉም ሰብል ያውቁታል። ለዘር የሚሆነውን የበቆሎ ራስ ለይተው ከምድጃው በላይ የሚሰቅሉት፣ የዱባውን ፍሬና የበርበሬውን ዘር በቅል የሚያስቀምጡት ሲመርጡ ኖረው ነው። ቲማቲም ላይ ብቻ፣ ዘሩ ከሱቅ ስለመጣ፣ መምረጡን ለሌላ ሰው የተውነው ይመስለኛል።

የማይመረጡት እነማን ናቸው? ቅጠላቸው የተዥጎረጎረና የተኮማተረ፣ ግንዳቸው በአንድ ወገን የደረቀ፣ ፍሬያቸው ላይ ነጫጭ ከበብ ያላቸው ነጠብጣቦች የወጡ። ከእነዚህ አንዳንዱ በቫይረስና በባክቴሪያ የሚመጣና በዘር የሚተላለፍ ነው። የፍሬው ቂጥ መጥቆር ግን በአብዛኛው የውኃ ጉዳይ ነው፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ተክሉ አንድ ቀን ጠምቶት አንድ ቀን ሲሰጥም ካልሲየም ወደ ፍሬው በደንብ አይደርስም። ለዚህ ብላችሁ ጥሩ ተክል አትጣሉ፤ የጠቆረችውን ፍሬ ትታችሁ ከደህናዋ ውሰዱ።

ለአራት ኪሎ ብርድ

እኔ የምኖረው ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ሲወረድ ነው። መሐል አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ለቲማቲም ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲወርድ የአበባው ብናኝ ይደክማል፣ አበባው ሳይዝ ይረግፋል። በኅዳርና በታኅሣሥ የእኛ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ክረምቱ በሌላ በኩል ዝናቡን ይዞ ይመጣል፤ ቅዝቃዜና ለረጅም ሰዓት የረጠበ ቅጠል ሲገናኙ ሌት ብላይት የሚባለው፣ ድንችንም የሚያጠፋው በሽታ ቅጠሉን እንደ ተለበለበ አጥቁሮ በጥቂት ቀናት ተክሉን ይጨርሰዋል።

ስለዚህ እኔ የምሠራው በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ነው። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ቤት ውስጥ እዘራለሁ። ዘሩ ለመብቀል ከ20 ዲግሪ በላይ ሙቀት ስለሚወድ የእርጎ ዕቃዎቹን ከፍሪጁ ጀርባ በላይ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ሲበቅሉ ወዲያው ወደ መስኮት። አምስት ስድስት ሳምንት ሲሆናቸው፣ ጥር መጨረሻ ላይ፣ ግንዳቸውን እስከ ታችኛው ቅጠል ቀብሬ ወደ ትልቅ ጀሪካን አዛውራቸዋለሁ፤ የተቀበረው ግንድ ሥር ያወጣል። ጀሪካኖቹ የሚቆሙት ከሰዓት ፀሐይ ከሚመታው የብሎኬት ግድግዳ ሥር ነው። ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል፤ ከግቢው መሐል ከተተከሉት ይልቅ እዚያ ያሉት ቀድመው እንደሚይዙ በየዓመቱ አያለሁ። አበባው የሚመጣው የካቲትና መጋቢት ሙቀቱ ሲጨምር፣ የመጀመሪያው ፍሬ የሚቀላው ሚያዝያ ውስጥ ነው። የዘሩ ፍሬ ግንቦት ሳያልቅ መቀጠፍ አለበት፤ ሰኔ ከገባ ዘሩን የሚያደርቅ አየር አይገኝም።

ማጠቡና ማድረቁ

ለዘር የሚቀጠፈው ፍሬ ለመብላት ከሚቀጠፈው በላይ የበሰለ፣ በጣት ሲነካ የሚለሰልስ ይሁን። ለሁለት ከፍላችሁ ዘሩን ከነዝልግልጉ ብርጭቆ ውስጥ ጭመቁት፤ ሥጋውን ድስት ውስጥ ጨምሩት፣ አይባክንም። ያ ዝልግልግ ዘሩ ፍሬው ውስጥ እያለ እንዳይበቅል የሚከለክል ነገር ስላለበት መወገድ አለበት፤ በውኃ ብቻ አይለቅም። ስለዚህ እንደ ሊጥ ይቦካል። ብርጭቆውን በስስ ጨርቅ ሸፍናችሁ ከፀሐይ ውጭ አስቀምጡት፤ በቀን አንዴ አማስሉት። በእኛ ቅዝቃዜ ሦስት ቀን፣ አንዳንዴ አራት ይፈጃል። ይሸታል፣ ከላይ ነጭ ሻጋታ ሊይዝ ይችላል፤ አያስደንግጣችሁ። ዘሩ ከዝልግልጉ ተላቆ ታች ሲቀመጥ ደርሷል። ከዚያ በላይ ከቆየ ዘሩ እዚያው ይበቅላል።

ውኃ ጨምሩበትና ቀስ ብላችሁ ድፉት። ፍሬ አልባው ዘር ተንሳፍፎ ይሄዳል፣ ጥሩው ታች ይቀራል። ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ በሻይ ማጥለያ እጠቡት። ማቡካቱ አንዳንድ በሽታ አምጪዎችን ቢቀንስም ሁሉንም አያጠፋም፤ ለዚህ ነው የታመመችውን ተክል ቀድሞ መተው የሚያስፈልገው።

ለማድረቅ የሸክላ ወይም የብርጭቆ ሳህን ጥሩ ነው። ሶፍት ላይ ከተሰጣ ተጣብቆ አይላቀቅም። ጥላ ውስጥ፣ አየር በሚነፍስበት ቦታ ይሁን፤ የቀትር ፀሐይ ያቃጥለዋል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በጣት በተኑት። ሳምንት፣ አሥር ቀን ቆይቶ ዘሩ ሲታጠፍ የማይለመጥ፣ ይልቁን ቀጭ ብሎ የሚሰበር ሲሆን ደርቋል።

ከዚህ በኋላ ዕድሜውን የሚወስነው ርጥበትና ሙቀት ነው። የዘር ተመራማሪው ጄምስ ሃሪንግተን ያወጣው ቀላል ሕግ አለ፦ የዘሩ ርጥበት በመቶኛ አንድ ሲቀንስ ዕድሜው በእጥፍ ገደማ ይረዝማል፤ የማስቀመጫው ሙቀት አምስት ዲግሪ ገደማ ሲቀንስም እንዲሁ። ከምድጃ በላይ የተሰቀለው በቆሎ የሚተርፈው ነቀዙ ጭሱን ስለሚጠላ ብቻ ሳይሆን ስለሚደርቅም ነው። እኔ ዘሩን በወረቀት ፖስታ አድርጌ፣ ቆልቼ ያቀዘቀዝኩት ጥሬ ሩዝ ከሥሩ ባለበት ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ጠርሙስ ውስጥ ሳምንት አቆየዋለሁ፤ ሩዙ የቀረውን ርጥበት ይጠጣዋል። ከዚያ ሩዙን አውጥቼ ጠርሙሱን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ሲወጣ ጠርሙሱ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ሳይከፈት ይቆይ፤ አለዚያ አየሩ ላይ ያለው ጤዛ ዘሩ ላይ ያርፋል። በደንብ የደረቀ የቲማቲም ዘር አምስት ስድስት ዓመት ያለ ችግር ይቆያል፤ ከዚያም በላይ የሚቆይ አለ።

ፖስታው ላይ የሚጻፈውን ችላ አትበሉ። የዝርያው ስም፣ ከማን እንደመጣ፣ የተቀጠፈበት ወርና ዓመት፣ ተክሏ ለምን እንደተመረጠች። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁሉም ዘር አንድ ይመስላል።

አንድ ቦታ ብቻም አይቀመጥ። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመውና ዛሬ በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የዘር ባንክ በአፍሪካ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ባንኩን ለዓመታት የመሩትና እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት ዶክተር መላኩ ወረደ ሁልጊዜ ይሟገቱለት የነበረው ነገር ዘር በቅዝቃዜ ክፍል ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም መጠበቅ አለበት የሚለው ነበር። ማሳ ላይ ያለ ዘር ከአየሩና ከበሽታው ጋር አብሮ ይለወጣል፤ ክፍል ውስጥ ያለው ባለበት ይቆማል። በጀሪካን ለሚያሳድግ የከተማ ሰውም ይኸው ይሠራል። የእማማን ዘር እኔ ለሁለት ጎረቤቶችና ሱሉልታ ላለች የአክስቴ ልጅ አካፍያለሁ፤ የአንዳችን ጓሮ ቢነሣ ወይም በሽታ ቢገባበት የሌላው ይቀራል።

ዘሩን ከመዝራት በፊት መፈተን የማንም ቤት ሥራ ነው። ሃያ ዘር ቆጥራችሁ በረጠበ ሶፍት ጠቅልሉ፣ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ፤ ሶፍቱ እንዳይደርቅ እያያችሁ እስከ አሥር ቀን ጠብቁ። ከሃያው ከአሥር በታች ከበቀለ አብዝቶ መዝራት፣ በዚያው ዓመትም አዲስ ዘር መሰብሰብ ያስፈልጋል።

ዘንድሮ ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ከመጀመሪያዋ ወረቀት፣ እማማ ራሳቸው ካደረቋት ዘር፣ ሃያ ፍሬ ፈተንኩ። በስምንተኛው ቀን ሶፍቱን ስገልጠው አሥራ ሰባቱ ነጭ ሥር አውጥተው ነበር። ደወልኩላቸው። አዲሱ ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው፤ በረንዳው ወደ ምሥራቅ ይዞራል፣ እስከ አምስት ሰዓት ፀሐይ አለው። «ሁለት ችግኝ አምጪልኝ» አሉ፤ «ክር እኔ ጋ አለ።»